ከቡችላው አፍ የተንጠለጠለ ክር

ልብስ ሰፊው ፈሪ ሰው ነው። ይህ ስድብ አይደለም፤ ራሱም አይክደውም። ካውያውን ነቅሎ፣ ሱቁን ቆልፎ፣ ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ሶኬቱን በእጁ ካልዳሰሰ እህል አይወርድለትም። መንገድ ሲሻገር ግራና ቀኝ አይቶ፣ ደግሞ አይቶ፣ መኪናው ገና ከሩቅ እየመጣ ሳለ «ይለፍ፣ ምን አጣደፈን» ብሎ ይቆማል። ደረጃ ለሚወጣው፣ ትኩስ ነገር ለሚጠጣው፣ ሞተር ብስክሌት ለሚነዳው ሁሉ ምክሩ አንድ ነው፤ «ቀስ በሉ!» ይላል። ሰፈርተኛው እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ከረሳው ቆይቷል። «ሱሪዬን ቀስ በሉ ጋ ላሳጥር» ይላል አላፊ አግዳሚው። እሱም ይሰማል፣ አይቀየምም።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ሌላ ከተማ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለችው፤ ስልኳ ሁለቴ ጠርቶ ካልተነሳ ላብ ያጠምቀዋል። ልጅቷ ይህ ነገር አላምር ቢላት አንድ ቅዳሜ ካርቶን አቅፋ ከች አለች። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ነገር ያለቅሳል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቡችላ ነው፣ አባዬ።»

«ቡችላነቱንማ አየሁት። ማን ሊያሳድገው ነው?»

«አንተ ነሃ።»

«እኔ? ቢሞትብኝስ?»

«ወይ አባዬ! ሳይኖር ትቀብረዋለህ እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር፣ በሐሳቡ ቀብሮት ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት በአንድ ዓይኑ ነው የተኛው። የቡችላውን ትንፋሽ ለማረጋገጥ ጣቱን አፍንጫው ሥር እየደቀነ ስንቴ ቀሰቀሰው! ቡችላው ግን ለዚህ ሁሉ ስጋት ደንታ የለውም። ሲተኛ ሆዱን ወደ ጣሪያ ገልብጦ አራት እግሩን በትኖ ነው። ሲነቃ የሚወዛወዘው ጅራቱ ብቻ አይደለም፤ ከወገቡ ወዲያ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። በገዛ ጥላው ላይ ይጮሃል፤ ጥላው ካልሸሸ እሱ ይሸሻል። አፍንጫው ጥቁር፣ ክብና የሚያብረቀርቅ የኮት ቁልፍ ይመስል ስለነበር ስሙ «ቁልፍ» ሆኖ ቀረ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቁልፍን ያጫውታል፤ ሱሪው ከዚያ በኋላ ነው ትዝ የሚለው።

እንክብካቤውን ያየ ግን ፍርሃትም ለካ ጥቅም አለው ያሰኛል። ቁልፍ ክትባቱን በቀጠሮው ቀን ወስዷል፣ የሆድ ትል መድኃኒት ውጧል። ምግቡ እየተመጠነ፣ ለስለስ ተደርጎ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ይቀርብለታል። የሱቁ የኤሌክትሪክ ገመድ ከወለል ተነስቶ ግድግዳ ላይ ተመቷል፤ መቀሶች ከፍ ብለው ተሰቅለዋል፤ በረኪናው ተቆልፎበታል። ወለሉ ጠዋትና ማታ በማግኔት ይፈተሻል፤ አንዲት ስፒል እንኳ አታመልጥም። አራስ ያለችበት ቤት እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ወለሉን እንጂ የገዛ ኮቱን አላሰበም።

ልብስ ሰፊ በእጁ እየሰፋ ሳለ ሰው ከጠራው መርፌውን ከነክሩ ደረቱ ላይ ሰክቶ ይነሳል። ቀስ በሉም ልጅ እግር ሳለ ጀምሮ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ እንዳደረገው እንኳ አያውቀውም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲለው ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣል አደረገና ጎረቤቱን ፀጉር አስተካካይ ሊለካ መስታወቱ ፊት አቆመው። ፀጉር አስተካካዩ አዲስ ኮት እያሰፋ ነበር። አንዱ እጅጌ ተገጥሟል፣ ሌላው ገና ነው፤ ጀርባው በጠመኔ ተሰማምሯል።

«ሆዴን አጥብበው እንጂ» ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

«ሆድህን አንተ ታጠብባለህ፤ እኔ የማጠብበው ጨርቁን ነው» እያለ ቀስ በሉ ሜትሩን ሲጠመጥምበት፣ ከኋላቸው ሳል የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ደግሞ ተሰማ።

ዞር አሉ። ቁልፍ አፉን ከፍቷል፤ አይዘጋውም። ለሃጩ ይንጠባጠባል። በፊት እግሩ ጉንጩን ደጋግሞ ይቧጥጣል። ከአፉ ጥግ ደግሞ ስንዝር የማይሞላ ጥቁር ክር ተንጠልጥሏል።

የቀስ በሉ ዓይን ወደ ወንበሩ ሮጠ። ኮቱ ተንሸራቶ ወለል ላይ ወድቋል። ደረቱ ላይ መርፌ የለም።

ልቡ ቀጥ አለች። እጁ ግን አልቆመም። ዕድሜ ልኩን የክር ጫፍ ባየ ቁጥር የሚስብ እጅ ነው፤ አላማከረውም። ክሩን ያዘና ሳበ።

ቁልፍ ጮኸ። ያችን ከምታህል ሰውነት እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብሎ ማንም አይገምትም። ክሩ ተወጠረ እንጂ አልመጣም። ቀስ በሉ እሳት እንደነካው ሰው ለቀቀው።

«ጠበቅ አድርገህ ሳበው! አንዴ ነው፣ ይወጣል!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አይወጣም... ተሰክቷል... ሰክቼበታለሁ...»

«እንግዲያው እንቁረጥለት!» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ከግድግዳው መቀስ አወረደ። ክፋት የለበትም፤ ሰውዬው መቀስ ሲይዝ ነው ሐሳብ የሚመጣለት።

«እንዳትነካው!» ሲል ቀስ በሉ ያወጣው ድምፅ ራሱንም አስደነገጠው። «ክሩ ከገባ መርፌው የት እንዳለ በምን እናውቃለን? እንዳትነካው አልኩህ!»

ቁልፍን በጨርቅ ጠቀለለው። ክሩን እንዳይቧጥጠው ሁለት የፊት እግሮቹን በአንድ እጁ ጨምቆ ያዘ፤ ጭንቅላቱን በሌላው። ትንሹ ገላ እጁ ውስጥ ተንፈራገጠ፣ ለመነ፣ አለቀሰ። በያዘው ቁጥር እንደሚያሳምመው ያውቃል፤ ከለቀቀውም እንደሚሞትበት ይታየዋል። ሱቁን ሳይቆልፉ ወጡ። ፀጉር አስተካካዩ ባለአንድ እጅጌውን ኮት እንደለበሰ መሐል መንገድ ገብቶ ታክሲ አስቆመ።

«ፍጠን!» አለ ቀስ በሉ ገና ሳይቀመጥ። «ወንድሜ፣ ፍጠንልኝ፣ እባክህ ፍጠንልኝ!»

ፀጉር አስተካካዩ ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ቃል ለሰፈሩ ሁሉ አዋጅ ባስነገረበት ነበር። የዚያን ዕለት ግን ወደ መስኮቱ ዞረ። ቀስ በሉ የቡችላው ልብ በጨርቁ ውስጥ መዳፉን ስትመታው ይሰማዋል። እየፈጠነች ነው ወይስ እየደከመች? ፈጠነች ሲል ይፈራል፤ ደከመች ሲል ይፈራል። «አምላኬ፣ እኔው ነኝ የሳብኩት» ይላል ለራሱ። «ባልስበው ኖሮ...»

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ክትባቱንም የሰጠችው እሷ ነች። ቁልፍን እንዳየች በቀጥታ ራጅ አነሳችው። ተመልሳ መጣችና ጠየቀች።

«ክሩን የሳበው ሰው አለ?»

ቀስ በሉ ለመዋሸት አሰበ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በእርግጥ አሰበ።

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር። አንዴ። እጄ ነው... አንዴ ሳብኩት።»

«መቼም ሆኗል። መርፌው ከምላሱ ሥር ወደ ኋላ ተሰክቷል፤ ሲሳብ ጫፉ ትንሽ ገባ ብሏል። ክሩን አለመቁረጣችሁ ጥሩ ነው፣ እሱ ይመራኛል።» ጓንቷን እያጠለቀች ቀጠለች። «ግን እንዴት አገኘው? መርፌ የሚልስ ውሻ እምብዛም አይገጥመኝም።»

«ኮቴ ላይ ነበር። ክር በመርፌ ቀዳዳ ሳስገባ ጫፉን በአፌ አረጥበዋለሁ...» አለና ቆመ።

«እሱ ነዋ። ክሩ እርስዎን እርስዎን ሸተተው።»

እሷ ምንም ክፉ አላለችም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ቀስ በሉን ግን አንጀቱን በላው። ቡችላው የጎረሰው መርፌ ሳይሆን እሱን ነበር ለካ።

«ማደንዘዝ አለብኝ» አለች ሐኪሟ። «በጣም ትንሽ ስለሆነ ማደንዘዣው ራሱ ያሰጋኛል። ሌላ መንገድ ግን የለንም።»

«ይሞታል?»

«አልዋሽዎትም፣ ሊሆን ይችላል። የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ። አሁን አጥብቀው ይያዙልኝ፣ መርፌ ልውጋው።»

ያዘው። ቁልፍ ቀና ብሎ አየው። ሳቡኝ፣ ጨመቁኝ፣ አሁን ደግሞ አስወጉኝ የሚል ዓይን ነበር፤ ወይም ለቀስ በሉ እንደዚያ መሰለው። ቀስ በቀስ ዓይኑ ተከደነ፣ ጭንቅላቱ መዳፉ ላይ ወደቀ። ሐኪሟ ተቀብላው ገባች። በሩ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ውስጥ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ሚስቱ የገባችበት ሆስፒታልም እንዲህ ያለ ወንበር ነበረው። እዚያም እንዲሁ በር ተዘጋ፣ እንዲሁ ጠበቀ፤ ሲከፈት የሰማውን ዛሬም መናገር አይችልም። ቀስ በሉ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ ሁለት ቀልድ ጀምሮ ሁለቱንም መሐል ላይ ተወ። በመጨረሻ ባለእጅጌውን ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎለት እንዲሁ ተቀመጡ።

«ውሻ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ብል አልሆነልኝም» አለ ቀስ በሉ። «ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ።»

«እኔስ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ ትንሽ የብረት ሳህን ይዛለች፤ ሳህኑ ላይ መርፌው ከነክሩ ተጋድሟል።

«ወጣ። ይተነፍሳል፣ ደህና ነው» አለች። «ለጥቂት ቀን ለስላሳ ምግብ ብቻ። መድኃኒቱን እንዳያስተጓጉሉ። ካስመለሰው ወይም ምግብ እምቢ ካለ ቶሎ ያምጡት። ከዚህ በኋላ ደግሞ ክርም ይሁን ገመድ ከአፉ ተንጠልጥሎ ካዩ እንዳይስቡ።»

ቀስ በሉ እንደ ልጅ አለቀሰ። ፀጉር አስተካካዩም በባዶው ክንዱ አፍንጫውን ጠረገ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ቁልፍ በደንብ ነቃ። ጭራውን ሞከረ፣ እግሩን ሞከረ፣ ሁሉም አለ። ቀስ በሉ ለስለስ ያለ ምግብ በሳህን ይዞ፣ ፊቱ በርቶ፣ ጎንበስ አለና ሊደባብሰው እጁን ዘረጋ።

ቁልፍ እጁን አየ። ጆሮውን ለጠፈ፤ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ከመደንገጡ የተነሳ ወለሉ ላይ ሸና። ከዚያ ከስፌት መኪናው ሥር ገብቶ ጥግ ላይ ተሸጎጠና መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የቀስ በሉ እጅ አየር ላይ ቀረ። ትናንት የሞት ፍርሃት ነበር፣ እሱ አለፈ። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲፈራ የኖረ ሰው፣ እሱን የሚፈራ ፍጥረት አይቶ አያውቅም ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ደህንነቱን ሊጠይቅ ብቅ ሲል ነገሩ ገባው። «ውሻ እኮ ነው፣ ይረሳዋል። ቆይ አውጥቼ ላስታቅፍህ» ብሎ ከመኪናው ሥር እጁን ሰደደ።

«ተወው።»

«አንዴ ካቀፍከው...»

«ተወው ብዬሃለሁ። የፈራን ሰው ጎትተህ ስታወጣው ይብስበታል እንጂ አይተወውም። ለዚህስ እኔን ጠይቀኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ እጁን መለሰ። ቀስ በሉ የወለሉን እርጥበት ጠረገና ሳህኑን ከመኪናው ራቅ አድርጎ አስቀመጠ። ከዚያ ባዶው ሲሚንቶ ላይ በደረቱ ተኛ። ጉንጩን ወለሉ ላይ ለጠፈ። ሁለት እጆቹን ከገዛ ሆዱ ሥር ከተታቸው፤ ጣቱ እንኳ እንዳይታይ አድርጎ ሸሸጋቸው። አልጠራውም፣ አላፏጨለትም።

ሱሪ ለመውሰድ የመጣች ሴት ደጃፉ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለች በድንጋጤ። ፀጉር አስተካካዩ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቆይተው ይመለሱ የሚል ምልክት ሰጣት።

ቅዝቃዜው ወደ አጥንቱ ገባ። ክንዱ ደነዘዘ። ከመኪናው ሥር መጀመሪያ አፍንጫ ታየ። ተመለሰ። ደግሞ ታየ። ቁልፍ በሆዱ እየተሳበ መጣና የልብስ ሰፊውን ጆሮ አሸተተ፤ ቅንድቡን አሸተተ፤ እንባው ላይ ሲደርስ ቆም አለና ላሰው። ከዚያ አንገቱ ሥር ገብቶ፣ አንዴ ዞር ብሎ፣ ተኛ።

ልብስ ሰፊው እጆቹን አላወጣም።