ሂልዳ ባሏን ሊሙዚን ውስጥ የገደለች ዕለት

እንግሊዝ አገር፣ ሮችዴል ከተማ፣ ጎረቤቴ ሂልዳ ዕድሜዋን የፈጀችው በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ለልጆች ድንች ስትጨልፍ ነው። ባሏ ክሊፍ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ስፔን ሄዶ ፀሐይ ይሞቃል፤ እነሱ ግን ድሮ ከንቲባ ይሄድበት የነበረ ጥቁር ዳይምለር ሊሙዚን ገዙ። ከቤታቸው ይረዝማል ብል ብዙም አልዋሸሁ። ሲቆም አፍንጫው እነሱ በር ላይ፣ ጅራቱ እኔ በር ላይ ነው።

የዚህ መኪና ነገር እንዲህ ነው፤ ባለቤት ከፊት አይቀመጥም። የፊቱ ወንበር ቆዳ ነው፣ ዝናብ የመታው ሾፌር እንዳያበላሸው። የኋላው ለስላሳ ሱፍ ነው፤ በመሃል መስታወት ይዘጋል። ሂልዳ ገና የተገዛ ዕለት ከኋላ ገብታ መስታወቱን ዘጋች፤ ገበያ ሲሄዱ እንኳ ከዚያ ንቅንቅ የለም።

«ክሊፍ፣ ዛሬስ እመቤቲቱን የት ልታደርስ ነው?» እንለዋለን።

«ዓሣ ጥብስ ልትገዛ ነው፤ መንገድ ልቀቁ!»

የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች በየበጋው አንድ ሰፊ መስክ ላይ ተሰብስበው መኪኖቻቸውን ያወዳድራሉ። ባለፈው በጋ ሂልዳ ክሊፍን ግራጫ ሙሉ ልብስና የሾፌር ቆብ አስለበሰችው፤ ዳኞቹ ለዚህም ነጥብ ይሰጣሉ። ምሳ ሳይበላ ዝናቡ እንደ ልማዱ መጣ። አጠገባቸው የቆመው መኪና ባለቤት ወይዘሮ ፌንዊክ የቀረባቸው በር ይሄ ስለነበር ዝናቡን ሸሽተው ሂልዳ ጎን ገቡ። አነጋገራቸው ብቻውን ሦስት አሽከር የሚያሳድር ሴት ናቸው። ክሊፍ ከፊት ተቀምጧል፤ መስታወቱ ተዘግቷል።

«ሾፌርዎ ሥርዓት ያለው ሰው ይመስላል» አሉ።

እዚህ ላይ «ባሌ ነው» ብትል አለቀ። ግን እንዲህ ያለች ሴት ጎኗ ተቀምጣ አታውቅም።

«አዎ፣ ደህና ነው» አለች ሂልዳ።

«ብዙ ጊዜ ቆየ?»

«አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።»

«አርባ! የእኔ በፋሲካ ጥሎኝ ሄደ። የት ነው የሚያድረው?»

«እዚያው… ቤት።»

«ባለቤትዎስ፣ አልመጡም?»

ውሸት እንደ ሹራብ ክር ነው፤ ከተመዘዘ ማቆሚያ የለውም።

«ባለቤቴ በሕይወት የለም።»

ወይዘሮ ፌንዊክ እጇን ያዙ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«ጥሩ ሰው ነበር» አለች ሂልዳ። ለራሱ አንድም ቀን ብላው አታውቅም።

ዝናቡ አባራ፤ ሴትዮዋ ወረዱ። ክሊፍ ዞሮ መጥቶ በሩን ከፈተ፤ ቆቡን አወለቀ።

«እመቤቴ፣ ወደ ቤት ልውሰድዎ?»

«ምን ነካህ? ደግሞ አንቱታው ምንድን ነው?»

«ለሾፌር መናገሪያው ማይክራፎን፣ ከገዛነው ጀምሮ ሞቶ የነበረው፣ ትዝ ይልዎታል? ድንገት ላስደስትዎ ብዬ ጠዋት ሠርቼው ነበር። አንድ ነገር እስኪሉ ከፍቼው ስጠብቅ ነበር።»

ሂልዳ ክንድ ማሳረፊያው ላይ የምትበራውን ትንሽ ቀይ መብራት ያኔ አየቻት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት እሺ ነበረች።

መንገዱን ሁሉ የምታየው ማጅራቱን ነው። ፀጉሩን የቆረጠችለት ራሷ ናት፤ በግራ በኩል አበላልጣበታለች። መብራቷ አልጠፋችም፤ ትንፍሽ ብትል ክሊፍ ይሰማል።  መንገዱ ሲጋመስ፦

«ክሊፍ፣ መልሰኝ።»

መለሳት። ወይዘሮ ፌንዊክ ታጣፊ ወንበራቸውን እየጫኑ ነበር።

«ባለቤቴን ላስተዋውቅዎ» አለች ሂልዳ፤ ፊቷ ቀይ ሥር መስሏል።

«ሾፌርዎን?»

«ሞቷል ያልኩዎት እሱ ነው።»

ሴትዮዋ ክሊፍን ከቆቡ እስከ ጫማው አዩት። «እ… እንዴት ነዎት?»

«ተሽሎኛል» አለ ክሊፍ።

ሲመለሱ ሂልዳ ከፊት ገባች። ቆዳው ቀዝቃዛ ነበር አለችኝ፣ በአጥራችን ላይ ተደግፋ ይህን ስታወራኝ፣ ዓይኗን ከጽጌረዳዬ ሳትነቅል። ክሊፍ በራቸው ላይ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ፦

«ጥሩ ሰው ነበር ያልሽውን እስቲ ድገሚው» አላት። «በማይክራፎኑ ጥርት ብሎ አልተሰማኝም።»

«ታዲያ ደገምሽለት?» አልኳት።

«በምን አፌ!» አለች። «ከዚያ ወዲህ ከፊት ነው የምቀመጠው፤ አንድ ቀን ከአፌ ይወጣ ይሆናል።»