እማማ ወርቄ የተናገሩ ዕለት

ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ባለ አንድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ሳልፍ አብሽ እየተፈጨ ነበር፤ ሽታው ቀጥ አድርጎ አቆመኝ።

ልጅ ሆኜ መካኒሳ አቦ ስንኖር እናቴ ስኳር ነበረባት። ጎረቤታችን እማማ ወርቄ፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸው መድኃኒት አዋቂ፣ በየማለዳው የተዘፈዘፈ አብሽ በብርጭቆ ያመጡላት ነበር። "ለማንም እንዳትናገሩ፤ መድኃኒት ከተነገረ ይረክሳል" ይሉናል። እናቴ የጤና ጣቢያውን ክኒን ውጣ አብሹን ታስከትላለች።

አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ ላብ አጠመቃት፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ስሜን መጥራት እንኳ አቃታት። እማማ ወርቄም ተከትለውን ጤና ጣቢያ ደረስን። ነርሷ "ከክኒኑ ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?" ብላ ስትጠይቅ አባቴ አቀረቀረ። እኔም ቀና ብዬ እማማ ወርቄን አየሁ።

እማማ ወርቄ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "አብሽ አለ። በየቀኑ የምሰጣት እኔ ነኝ" አሉ።

"ሁለቱም ስኳር ያወርዳሉ እኮ፣ እማማ፤ ሲደራረቡ ከልክ በታች ይወርዳል" አለች ነርሷ፣ ግሉኮሱን እየሰካች። አልተቆጣቻቸውም።

እናቴ ነቅታ ስሜን ስትጠራ የእማማ ወርቄን እጅ ያዝኩና፣ "እማማ፣ አሁን መድኃኒቱ ረከሰ?" አልኳቸው።

"ረከሰ፣ ልጄ። እሷ ትነሳልኝ እንጂ የራሱ ጉዳይ።"

ከዚያ ወዲያ ለማንም መድኃኒት ሲሰጡ አላየሁም። ማለዳ ማለዳ ግን ባዶ እጃቸውን እየመጡ እናቴን "ክኒንሽን ዋጥሽ?" ይሏት ነበር።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እንደቆምኩ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" የሚለው ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ዱቄት የለበሰው ባለወፍጮ ለእሱ መስሎት ቀና አለና፣ "አብሮ ይስጠን" አለኝ።