የክርስትና ስሜ ማን ነበር?

ዛሬ ሀና ማርያም ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ደግ ሴት ዋሸሁ።

እንደምታውቁኝ በእምነቱ ብዙም አይደለሁም፤ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለሰላሙና ለሰዉ ነው። ሁሌ ከጎኔ የሚቀመጡት እማማ አስካለ ጉልበቴን ሳሽ አይተው፣ «ልጄ፣ ልጸልይልህ፤ የክርስትና ስምህን ንገረኝ» አሉኝ።

ለካ ረስቼዋለሁ! ደንግጬ «ኃይለ ገብርኤል» አልኳቸው።

(ከግቢው ውጭ የታክሲ ረዳት «ገብርኤል! ገብርኤል!» እያለ ሲጮህ ነበርና እሱ መጣልኝ። ለሰፈሩ ሁሉ ቅጽል ስም የማወጣው ሰውዬ!)

እማማ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ኃይለ ገብርኤልን አደራ» እያሉ አለቀሱ። ለሌለ ሰው። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቤት ስገባ ለእህቴ ደወልኩ። «ወልደ ሚካኤል ነህ፣ አንተ ጉደኛ! ዛሬ ጠዋትም ስጸልይ ጠርቼዋለሁ» አለችኝ።

አሁን እማማን በየትኛው አፌ እውነቱን ልንገራቸው? የእናንተንስ የክርስትና ስም ማን ይዞላችኋል?