ግማሹን ብቻ ያነበብኩት የሚስቴ ጽሑፍ

ፊደል የቆጠርኩት ሚስቴን ከቀበርኩ በኋላ ነው። ከሚሴ ውስጥ ጽሕፈት ቤት ተቀጥራ ለሰው ማመልከቻ ስትተይብ ኖራለች። ጽሕፈት ቤቱ ሲዘጋ ያንን ጀርባው ያበጠ አሮጌ ኮምፒውተር ይዛ መጣች፤ ሕመሙ ሲጠናባት ደግሞ ለእኔ መጻፍ ጀመረች።

"ላንብብልህ?" ስትለኝ፣ "የሴት ወሬ!" አልኳት።

"እንግዲያው ተምረህ አንብበው።"

አላህ ይዘንላት፣ ተማርኩ። ግን ዘገየሁ። አንድ ሁለት መስመር እያልኩ ግማሹ ላይ ስደርስ፣ ኮምፒውተሩ እየጋለ በራሱ ይጠፋ ጀመር። ገጹን በስልክ ፎቶ አንሣው ያለኝ ሰው የለም። በኋላማ ሁሉም አለኝ። ከሞተ በኋላ ሐኪሙ ብዙ ነው።

ስልክ ጠጋኙ ጎረቤቴ መጥቶ አየውና ሳቀ። "ማሎ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ይሄን ባቲ ገበያ ወስደህ በፍየል ለውጠው!"

"ቀልድህን ለገበያ አቆየው። ጽሑፉን አውጣልኝ።"

ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ከጨፋ ሮቢት የዕድሜ እኩያውን፣ ሌላ ሬሳ ኮምፒውተር፣ አስመጣና ሁለቱን በገመድ አገናኛቸው። እኔ የሚስቴን ኮምፒውተር እንደ በሽተኛ በካርቶን አራግብለት ነበር።

"ጽሑፉ አለፈ! አልሐምዱሊላህ!" አለ ጠጋኙ።

በሌላኛው ላይ ከፈተው። ቅንፍ፣ ሰረዝ፣ የፈረንጅ ፊደል ቁርጥራጭ። አማርኛ የሚባል የለበትም። ኮምፒውተሩ ፊት ቆሜ ያው የድሮው መሃይም ሆንኩ።

"ምን አደረግክብኝ?"

"ወላሂ ጽሑፉ መጥቷል። የተጻፈበት የፊደል ዓይነት፣ ፎንት የሚሉት፣ ነው እሷ ኮምፒውተር ላይ የቀረው። ቆይ፣ እሱንም እናመጣዋለን።"

የእሷ ኮምፒውተር በዚህ መሀል ጠፍቶ ነበር። ማብሪያውን ተጫነው። ዝም። ደግሞ ተጫነው። የተቃጠለ ሽታ ወጣ፣ በቃ። ያንን የፊደል ዓይነት ከሚሴንም ሰንበቴ ከተማንም ዞረን ጠየቅን፤ ያለው አልተገኘም።

አሁን ያነበብኩትን ግማሽ እያስታወስኩ ከምልክቶቹ ጎን እጽፋለሁ። የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ከለየሁ ያላነበብኩትም ይፈታል ብዬ ነው። "ቢስሚላህ" ገጠመልኝ። ቀጥሎ የጠራችኝ "ክፉ ሰው" ብላ ነው ወይስ "ደግ ሰው"? ያን ጊዜ ፊደሉን ስለቅም ቃሉ ከእጄ ይወድቅ ነበር። ሁለቱም ቃል ሁለት ሁለት ፊደል ነው፤ ምልክቶቹ ለሁለቱም ይበቃሉ።

"ደግ" ብዬ ብጽፍ የሚከራከረኝ የለም። ግን ከዚያ ወዲያ የማነበው የእሷን ሳይሆን የራሴን ይሆናል። እስከ ዛሬ ከዚያች ቃል አላለፍኩም።