የባዘቶ ልጅ

በብርድ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የመዝገብ ቤቱ ሰው ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ባዘቶ ይላታል። አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው የበግ ፀጉር በማሽን እየተበጠረ በሚለሰልስበት ክፍል ነው፤ እዚያ አየሩ ራሱ ፀጉር ያበቀለ ይመስላል። ብናኙ ቅንድብ ላይ ያርፋል፣ ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ በሻሽ ሥር ሾልኮ ራስ ላይ ይሰፍራል። የበሩ ዘበኛ ተረበኛ ሰው ነበርና ከሥራ ስትወጣ ባያት ቁጥር፣ ጠዋት ያስገባሁት ልጃገረድ ነበር፣ አሮጊት ሆና ወጣችብኝ ይላል። እሷም ትስቃለች። ያኔ ሳቅ አይቸግራትም ነበር።

ባሏ የሞተው የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። ታመመ ሲሉ ሰነበተ፣ ተሻለው ሲሉ ሞተ። የባሏ ታላቅ እህት ለወንድሟ ቀብር መጥታ በዚያው ቀረች። ባዘቶ እትዬ ትላታለች። እትዬ አግብታ ፈትታለች፤ ሁለት ጊዜ ወልዳም ልጅ አልጸናላትም። የምትመለስበት ቤት እንጂ ቤት ውስጥ የሚጠብቃት ሰው አልነበራትም። ሁለቱ ሴቶች አንዷን ክፍል በመጋረጃ ከፍለው መኖር ጀመሩ። ልጁ ሲወለድ ቁርጥ አባቱን ነበር። ሁለቱም አይተውት አለቀሱ፤ ከዚያ ማን ቀድሞ እንዳለቀሰ ሲከራከሩ ሳቃቸው መጣ።

ልጁ አራት ወር ሲሞላው ባዘቶ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እትዬ ልጁን ይዛ ቤት ዋለች።

በስድስተኛው ወር ጉንጮቹ ቀሉ። መጀመሪያ ወዙ ነው ተባለ። ቀጥሎ ቅላቱ ሻከረ፣ ሲዳስሱት የሚኮሰኩስ ሆነ፤ ዓመት ሲሞላው ወደ ክንዱ ማጠፊያና ወደ ጉልበቱ ጀርባ ወረደ። ገላው ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ያሳክከዋል። ሲያክ ይደማል፣ ሲደማ ያለቅሳል፣ እያለቀሰም ያካል። ጠዋት ጠዋት ትራሱ ላይ የደም ነጠብጣብ አይጠፋም ነበር።

መካሪ አልታጣም። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ፣ ቆሻሻ ነው፣ በሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና በደንብ ታሽቶ ይታጠብ አለች። ሌላዋ ጨው ጨምሩበት አለች። እትዬ አንጀቷ አልቻለም። ልጁ ገና ሳፋውን ሲያይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ፊቷን አዙራ ወደ ደጅ ትወጣለች። እናት ግን መድኃኒት የመሰላትን ከማድረግ ወደ ኋላ አትልም። ባዘቶ ጥርሷን ነክሳ አሸችው። ባሸችው ቁጥር በማግሥቱ ይብስበታል፤ ስለባሰበትም እንደገና ታሸዋለች። እጥበቱ ሲያበቃ ከደጅ ገብታ በለስላሳ ጨርቅ የምትጠቀልለውና የምታባብለው እትዬ ነበረች።

ሌላም ነገር ነበር፤ የባዘቶን አንጀት ይበልጥ ያሳረረው ይህኛው ነው። ቀኑን ሙሉ የልጇ ጠረን እየናፈቃት ትውልና ከፋብሪካው እስከ ቤቷ ያለውን መንገድ ግማሹን በሩጫ ትጨርሰዋለች። ሻሿን እንኳ ሳትፈታ፣ ከነሥራ ልብሷ፣ ልጁን ብድግ አድርጋ ደረቷ ላይ ትለጥፈዋለች። ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል። ከዚያ መቁነጥነጥ ይጀምራል፣ ጉንጩን ትከሻዋ ላይ ያሻል፣ ይነጫነጫል፤ በመጨረሻም ሁለት እጆቹን ወደ እትዬ ዘርግቶ ይጮኻል። እትዬ ስትቀበለው ጸጥ ይላል።

ደክሞት ነው ትላለች እትዬ። በማግሥቱ፣ እንቅልፉ መጥቶ ነው ትላለች። ሰበቡ ሲያልቅባት ዝም ማለት ጀመረች።

ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ልጁ እናቱ በሩን ስትከፍት ከእትዬ ቀሚስ ኋላ መደበቅ ለመደ። አንድ ቀን ልታነሳው ስትጎነበስ በሁለት መዳፎቹ ደረቷን ገፋት። ጉልበት የሌለው መዳፍ ነው፤ ባዘቶ ግን እንደተመታ ሰው ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ስንት ጊዜ ስታምቀው የኖረችው ነገር ያን ዕለት ፈንቅሎ ወጣ።

«ልጄን ከእኔ አስጠላሽው» አለቻት። «ያንቺ ባይጸናልሽ የእኔን ወሰድሽ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ብትሮጥ አትደርስበትም። እትዬ አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም። ልጁን መሬት አስቀምጣ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ራሷ ወገን ገባች። ልብሷን ስታጣጥፍ ይሰማ ነበር። ልጁ ድክ ድክ እያለ ተከተላትና መጋረጃው ሥር ተቀምጦ ክንዱን ማከክ ጀመረ። እትዬ ትንሽ ቻለችው። ከዚያ እጇን በመጋረጃው ሥር አውጥታ ጣቶቹን ያዘችለት። አልሄደችም። ስለ ነገሩም ለረጅም ጊዜ ሁለቱም አላነሱም።

ጤና ጣቢያ የወሰዱት አንገቱ ሥር ያከከው ቦታ መግል ሲቋጥር ነው። ባዘቶ ከፈረቃዋ በቀጥታ ስለመጣች ልብሷን አልቀየረችም። ያየቻቸው ነርስ በዕድሜ የገፋች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ልጁን እትዬ ጭን ላይ እንዳለ አገላብጣ አየችውና እናቱ የትኛዋ እንደሆነች ጠየቀች። ባዘቶ ተማሪ ይመስል እጇን አወጣች።

ነርሷ ስለ ውሃው፣ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ልብሱ አንድ በአንድ ጠየቀች። ቀጥላ ባዘቶን ትክ ብላ አየቻትና ሥራሽ ምንድን ነው አለቻት። መልሱን እየሰማች ከባዘቶ ትከሻ ላይ አንዲት ብናኝ በጣቶቿ ለቅማ በሰማያዊው የልጁ ካርድ ላይ አኖረቻት።

«ይሄን ለብሰሽ ነው የምታቅፊው?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

ነርሷ አልተቆጣችም። ሕመሙ ችፌ እንደሚባል ነገረቻቸው። ከቆሻሻ የሚመጣ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እንዲህ ያለ ልጅ ገላው ርጥበት አይዝለትም፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ሌላውን የማይነካው ትንሽ ነገር እሱን ይቆጠቁጠዋል። ሙቅ ውሃና ጠንካራ ሳሙና ያባብሱታል። የበግ ፀጉርማ የትልቅ ሰው ቆዳም ይኮሰኩሳል። በሽታውን ያመጣሽበት ግን አንቺ አይደለሽም፣ አብሮት የተፈጠረ ነው አለቻት፤ ደጋግማ። ባዘቶ ይህን የመጨረሻውን አልሰማችም። ዓይኗ ካርዱ ላይ ነበር።

«እንግዲህ ባቀፍኩት ቁጥር» አለች ቀስ ብላ፣ «ሳሳክከው ነበር የኖርኩት።»

እትዬ ልጁን ከጭኗ ሳታወርድ በአንድ እጇ ትከሻዋን ያዘቻት።

የታዘዘላቸው ብዙ አልነበረም። ለመግሉ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ለቀላው ቦታ ደግሞ በስሱ፣ ለተባለው ቀን ያህል ብቻ የሚቀባ ክሬም። የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ለብ ባለ ውሃ፣ ከአሥር ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና ማጠብ። ሳያሹ፣ በፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ። ገላው ገና እርጥብ ሳለ ቶሎ ቫዝሊን መቀባት፤ ባይታጠብም ጠዋትና ማታ መቀባት። ጥፍሩን ማሳጠር፣ ጥጥ ማልበስ፣ እንዳይሞቀው መጠንቀቅ። ነርሷ ሲሻለው አታቁሙ አለች፤ ይሄ የሳምንት ሳይሆን የዓመታት ሥራ ነው።

ባዘቶ በማግሥቱ የክፍሉን ኃላፊ ወደ ማሸጊያ ክፍል እንዲያዛውራት ለመነችው። ቦታ የለም አላት። ስምንት ወር ሙሉ ስትለምነው ቆየች። እስከዚያው ከደጅ፣ ከቧንቧው አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ከለላ ውስጥ የሥራ ልብሷን አውልቃ በጆንያ ትቋጥራለች፣ ክረምት ከበጋ በቀዝቃዛ ውሃ ፀጉሯንና ገላዋን ትታጠባለች፣ የጥጥ ቀሚሷን ትለብሳለች፤ ቤት የምትገባው ከዚያ በኋላ ነው። የልጁን ልብስ ሳሙናው እስኪለቅ ሦስት ጊዜ ታለቀልቃለች። ካናቴራው አንገት ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ እንኳ እንዳትኮሰኩሰው በምላጭ ትፈታታለች።

ሕክምናው በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ጉንጩ የልጅ ጉንጭ መሰለ። ቅባቱን ግን ከባዘቶ እጅ አልቀበል አለ። ሳፋው አጠገብ እሷን ካየ መንቀጥቀጡ ይመለሳል። ቆዳው ዳነ እንጂ ልቡ ያቺን የሙቅ ውሃ ሴት አልረሳትም። ሁለት ቀን ሞከረች። በሦስተኛው ቀን ከእጇ ሊያመልጥ ሲታገል ገና የጠገገውን ቆዳ ሲቧጭረው አየች። ቫዝሊኑን ለእትዬ ሰጠቻት።

«አንቺ ቀቢው» አለች። «ከእኔ ጋር ሲታገል ይላጣል።»

ከዚያ ወዲህ ድርሻዋ ከበስተኋላ ሆነ። ውሃውን ለብ ታደርጋለች፣ ፎጣውን ይዛ መጋረጃው ኋላ ቆማ የሁለቱን ጨዋታ ትሰማለች። እትዬ ስትቀባው ሁለት ጣቶቿን ሆዱ ላይ እንደ እግር እያስኬደች ወዴት እንደሚሄዱ ትተርክለታለች፤ ልጁ በሳቅ ይፈነዳል። አፉን ሲፈታ እትዬን እማ አላት። እናቱን ደግሞ ከጎረቤት እንደሰማው በኮልታፋ አንደበቱ ባዘቶ አላት። ይህን ለበሩ ዘበኛ እንደ ቀልድ ነገረችው። ዘበኛው ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

እትዬ ልታርመው ደከመች። እማ እሷ ናት፣ እኔ አክስትህ ነኝ ትለዋለች። ልጁ ራሱን ይነቀንቅና፣ እሺ እማ ይላታል።

ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ አገር ቤት ያሉት የእትዬ አባት ታመሙና ልታስታምም ሄደች። ባዘቶ በዚህ ጊዜ ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛውራለች፤ ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች። ልጁ ሦስት ቀን በሩ ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። ከማከኩ ብዛት የተረሳው ቁስል ተመለሰ። ባዘቶ አላስገደደችውም። ሳፋውን በሩ አጠገብ አምጥታ የራሷን እጅ ውሃው ውስጥ ነክራ ቁጭ ትላለች። በአራተኛው ቀን ልጁ ተጠግቶ አንድ ጣቱን ነከረ።

«አይፋጅም» አለ።

«አይፋጅም» አለችው።

ያን ቀን እግሮቹን ብቻ አስቀባት፤ በስምንተኛው ቀን ጀርባውን። በአሥረኛው ቀን ቀብታው ስታበቃ፣ ልብሱን ሳታለብሰው፣ ጭኗ ላይ እንደተጋደመ እንቅልፍ ወሰደው። እኩለ ቀን ነበር፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ወለሉን አቋርጣ እስክትወጣ፣ እግሯ ደንዝዞ የራሷ እስከማይመስላት አልተነቃነቀችም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እትዬ መጣች። ልጁ ድምፅዋን ሲሰማ ጀርባው በግማሽ እንደተቀባ ከባዘቶ እጅ ሾልኮ ሮጠ። እትዬ አንስታ አቀፈችውና በትከሻው ላይ ባዘቶን አየቻት።

«ይቅር በይኝ» አለች እትዬ።

ባዘቶ ደነገጠች። ይቅርታ መጠየቅ ያለባትስ እሷ ራሷ ነበረች። ያን ቀን ክፉ የተናገርኩሽ እኔ ነኝ አለቻት። እትዬ፣ እሱንማ ረስቼዋለሁ አለች። እንዳልረሳችው ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ግን ያን ዕለት አብረው አለቀሱ፣ ልጁም በመካከላቸው ሆኖ አንዴ የአንዷን፣ አንዴ የሌላዋን ፊት ያይ ነበር።

አሁን ልጁ ሁለተኛ ክፍል ነው። አየሩ ሲደርቅ የጉልበቱ ጀርባ አሁንም ይሰነጠቃል፤ ግን ሲብስበት እንጂ አይደማም፣ ቅባቱንም ራሱ ይቀባል። እናቱን እማዬ ይላታል፤ እትዬ ለዓመታት አስጠንታው በመጨረሻ ተሳክቶላታል። ጨዋ ልጅ ነው። ደብተሩን ያሳያታል፣ ዕቃ ያቀብላታል፣ ሥራ እንዴት ዋለ ብሎ ይጠይቃታል። ሲወድቅና ሲያመው ግን፣ ሳያስበው ከአፉ የሚወጣው የእትዬ ስም ነው። ባዘቶ ይህን ለማንም አታወራም።

አንዳንዴ ጀርባው ላይ እጁ የማይደርስበት ቦታ አለ። እትዬ ገበያ ከሄደች የቫዝሊኑን ጣሳ ይዞ ወደ እናቱ ይመጣል፣ ሸሚዙን ገልጦ ጀርባውን ያዞርላታል። በስሱ፣ ሳትቸኩል ትቀባዋለች። ስትጨርስ ሸሚዙን ያወርድና፣ ሰው ቤት እንደሄደ እንግዳ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ አመሰግናለሁ ይላታል።