የአሮጌው ቴሌቪዥን ነጠብጣብ

ወንድሜን አልወደውም። ተቆጥቼ አይደለም እንዲህ የምለው፤ ቁጣውማ ከርሞ ከርሞ የቤት ዕቃ ሆኗል። አባታችን በሕይወት ስለሌለ በሠርጌ ቀን በአባት ቦታ ይቆምልኛል ብዬ ስጠብቀው፣ ሀበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ሰፈር ያለውን ሬስቶራንቱን ቅዳሜ አልዘጋም ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ተዘጋጋን።

ያስታረቁን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። የተበደልኩት እኔ፣ ጉልበት የሳምኩትም እኔ፤ ታናሽ ነኛ። ጋሼ ይህም አልበቃቸው፣ «እርቅ በምላስ ብቻ አይጸናም፤ አንድ ሥራ አብራችሁ ሥሩ» አሉን። ባለቤቴ እርጉዝ ናት፤ ልጃችን ከአጎቱ ጋር በተጣላ ቤት እንዲወለድ አትፈልግም። ለእሷ ስል እሺ አልኩ።

ወንድሜ የፈለገው በልጅነታችን የነበረንን የቴሌቪዥን ጌም ሬስቶራንቱ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ነው። አሮጌ ጌሞችን ኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳ ፕሮግራም ሞልቷል። ችግሩ ምስሉ ነው፤ በዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ጡብ ተቆርጦ ይታያል። የድሮው ቴሌቪዥን ያንን ሁሉ ያለሰልሰው ነበር። የስክሪን ምስል መሥራት ሙያዬ ስለሆነ፣ ኖርዝ ሆሊውድ ቤቴ ቁጭ ብዬ የድሮውን ጉድለት በኮድ ሠራሁት። ስስ ጥቁር መስመሮች በአግድም አሰመርኩ፣ ቀዩ ቀለም ከጠርዙ እንዲፈስ አደረግሁ፣ ማዕዘኖቹን አጎበጥኩ።

በመጨረሻ ሽሽሽ የሚለውን ነጭ ነጠብጣብ አለበስኩት። ከሁሉ የለፋሁት በእሱ ነው። ለዜናም ለጌምም አንቴና የማዞር ሥራ የእኔ ነበርና ነጠብጣብን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ሳሎን ሲጫወት እኔ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ቆሜ የአንቴናውን ብረት አቅፌያለሁ። «አሁንስ?» እላለሁ። «ትንሽ ወደ ቀኝ!» ይለኛል። ፀሐዩ አናቴን ይበሳኛል። ስወርድ ጨዋታው አልቋል፣ ወይም እናታችን ለጥናት ጠርታናለች።

ሥራውን ጨርሼ ሰኞ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይገባ፣ ሬስቶራንቱ ወስጄ አስነሳሁለት። ጋሼም ለማየት መጥተዋል። ወንድሜ ጆይስቲኩን ይዞ ትንሽ ተጫወተና ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ነጭ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«ነጠብጣቡ ነዋ፣ ወንድም ጋሼ። እንደ ድሮው።»

«ኖ፣ ኖ! ጌም ላይ እንደዚህ አልነበረም። ክሊር ነበር እኮ! ጌሙን የምንሰካው የአንቴናው ቀዳዳ ላይ ነው። ሶ ለጌም አንቴናውን ነቅለን ዲስኮኔክት እናደርገው ነበር።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጣሪያ ላይ ታወጣኝ ነበር?»

መጀመሪያ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ አመለጠው፤ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ።

«ተራ ስጡኝ እያለ ሲያስቸግረን ነዋ፣ ጋሼ! ‹ትንሽ ወደ ቀኝ› ስለው የምር ያዞረዋል!»

ጋሼም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ልጅነት ነው፣ ልጄ፣ እርሳው» አሉኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የእኛ ተገላቢጦሽ ነው፤ ወጊው አልረሳም፣ እኔ ግን መወጋቴን እንኳ አላውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት፣ ቢያንስ ያ ምስል የጠራው በእኔ እጅ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ደሜ ፈላ። ጠላሁት፤ ከሠርጌ ቀን ይልቅ በዚያ ጠዋት አብዝቼ ጠላሁት።

ኪቦርዱን ስቤ ነጠብጣቡን አጠፋሁ። ምስሉ ወለል ብሎ ወጣ፣ ቀለሙ ለስላሳ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። እነሱ ሳሎን ቁጭ ብለው ሲያዩት የነበረው ይህን ነው። ያምር ነበር።

«ኦኬ! አሁን ፐርፌክት!» አለ ወንድሜ። ገና እየሳቀ ጆይስቲኩን ዘረጋልኝ። «በል፣ ያንተ ተራ።»

«ያዝ እንጂ፣ ልጄ» አሉ ጋሼ።

አልያዝኩም። ኮምፒውተሬን ነቅዬ ወጣሁ።