የታሰረችው የድርጭት ጫጩት

የበደለችኝ የእንጀራ እናቴ እናኑ ናት፤ ግምጃ ቤት በምትባል መንደር ሳለን፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን። ስምንት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ የጫጩት እግር በክር ስታስር አየሁና ቂሜ ተነሣ።

ያኔ አጫጆች እናቷ ጥላት የበረረች የድርጭት ጫጩት ሰጡኝ። ልሙጥ ቁርበት ላይ አሳደርኳት፤ ይህ ጥፋት የእኔ ነው። እግሮቿ እየተንሸራተቱ ግራና ቀኝ ተከፈቱና በሆዷ ቀረች። ከእናኑ እንዝርት ፈትል ወስጄ ሁለቱን እግሮች አቀራርቤ፣ ሳላጠብቅ አሰርኩና ጭድ ላይ አኖርኳት። በሦስተኛው ቀን ቆመች። በማግስቱ ልፈታላት ነበር።

እናኑ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ፈትሏን ጫጩቷ እግር ላይ ስታይ ጮኸች።

«ማንን ነው የምታስሪው፣ አንቺ? ማኅፀኔን ነው?»

«እንድትቆም ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«እናትሽ ከመቃብር ሆና ላከችሽ?»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ፈትል ቋጥሮ ምጥ ማሰር የሚባል ነገር እንዳለ የሰማሁት አድጌ ነው። ፈትሉን በጉልበት ስትበጥሰው የጫጩቷ እግር አብሮ ተሰበረ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር።

«ይቺን አስማት ደጋሚ ይዤ አልወልድም» አለችው። በዚያው ሳምንት ጥሊሊ ከተማ ለአክስቴ እህል ፈጪ ሆኜ ተላክሁ። እናኑ በሰላም ወለደች፤ እኔን ግን የጠራኝ የለም።

ስትሞት መርዶ ላኩብኝ። ልቅሶ አልሄድኩም። የዚያን ዕለት ገበያ ወጥቼ ጨው ገዛሁ።